ከድልድዩ ወዲህ ያለችው አክስት

ጥር 5፣ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ምክትል ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ ወላጆቻቸው ማዶ ያሉ ተማሪዎች በሙሉ ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ካላቀረቡ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አይመዘገቡም አሉ አሉ። ድምቡሼ ናት የነገረችኝ፤ ጫማዋን እያወለቀች፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ።

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል?» አልኳት።

«አንቺ አክስት ነሽ። አክስት አይሆንም አሉ።»

ልጅቷን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ፀጉሯን ያበጠርኩት፣ ተቅማጧንም ፈተናዋንም ያስታመምኩት እኔ፣ ዛሬ አልሆንም ተባልኩ። ይሁን።

ስለ እሷ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነውና በወጉ ልጀምር። ድምቡሼ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። እህቴ የድንበሩን ድልድይ ተሻግራ የማዶ ሰው አግብታ እዚያው ቀረች። ልጅቷ ለትምህርት ስትደርስ የእነሱ ትምህርት ቤቶች በሁከት ተዘግተው ነበርና «ለአንድ ዓመት ያዢልኝ» ብላ ሰጠችኝ። አንዱ ዓመት አላልቅ ብሎ ይኸው እዚህ ደርሷል። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ዘንድ፣ ከዚያ እናቷ ዘንድ፣ እሑድ ማታ ተመልሳ እኔ ዘንድ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ጉንጯ እንደ ሊጥ ነበር። አሁን እንደ ሸምበቆ ተመዛ የበሩን ጉበን ልትነካ ነው፤ ስሙ ግን ከላይዋ አልወርድ ብሏል።

ጥር 8፣ ሐሙስ

በጥድፊያ። የጉምሩኮቹ ሸሚዝ ተከምሯል። ካውያው ዛሬም ውኃ ይተፋል።

ሸሚዙን ሊወስድ የመጣው ሰውዬ ለማዳም ሲነግራት ሰማሁ። ማዳም የላውንደሪያችን ባለቤት ናት። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ድልድዩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እሑድ ጭራሽ አይከፈትም። «ለምን?» አለችው። «እኛም አልተነገረንም» አለ።

እሑድ ካልተከፈተ ድምቡሼ በምን ትመጣለች?

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ከሥራ አስፈቅጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምክትል ዳይሬክተሩ «የተማሪዋ እናት ነዎት? ይቀመጡ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ማስተካከል ነበረብኝ፤ ግን ደግሞ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ተነስቶ «አይደለሁም» ማለት ይከብዳል። እሳቸው ፋይሉን ገልጠው እስኪደርሱበት ዝም አልኩ።

ሰውየው ክፉ አይደሉም። አባትና እናት ሁለቱም ፈርመው አሳዳጊነቱን ለእኔ ካስተላለፉ፣ ፍርድ ቤት ካጸደቀው፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ካስገባሁት ትመዘገባለች። ልወጣ ስል፣ «አንድ ነገር ግን ያስቡበት። ፈተናውን ብታልፍም እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡት የዚህ አገር ዜጎች ብቻ ናቸው» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ሁሉም በየተራው ነው። መጀመሪያ ትመዝገብ።

ለድምቡሼ ስለ ፊርማው ነገርኳት። ሌላውን አሁን ምን አስቸኮለኝ፤ ጥናቷን ይበትንባታል።

ጥር 18፣ እሑድ

ድልድዩ ዝግ ነው። ማዶ ናት። ነገ ጠዋት ትመጣለች።

ለሁለት ሰው ሠርቼ ለአንድ ሰው በላሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራውን ሰውዬ «እሱስ ልክ ነህ» ስለው ራሴን ሰማሁት።

ጥር 19፣ ሰኞ

ስትደርስ ረፍዶ ነበር። ድልድዩ ላይ ሰልፉ አላላውስ ብሏት የሒሳብ ፈተና አመለጣት። አስተማሪው «ችግሩ የድልድዩ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ብሏታል።

ተናድዳ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ እራት ላይ ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። «አክስቴ፣ ሥራ ቦታ ጓደኛ የለሽም?»

«አጣቢዋ አለች አይደል? ቀኑን ሙሉ ስታስቀኝ ነው የምትውለው።»

«ታዲያ አንድ ቀን እራት ጥሪያታ።»

«እሷ አምስት ልጅ አላት፤ የእኔን እራት መቼ ልትበላ?»

«ሌላስ?»

ምን ሆና ነው? የሒሳቡን ነገር ለመርሳት ይሆናል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ አብሬያት ተሻገርኩ፤ እህቴን ፊት ለፊት ላስፈርማት።

ድልድዩ ላይ አዲስ ጠባቂ ነበር። መታወቂያዬን እያገላበጠ «ሥራ?» አለኝ። «ተኳሽ» አልኩት። ክው አለ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ቦርሳዬን አየ፤ ጓደኛውን በዓይኑ ጠራ። ድምቡሼ «ልብስ! ልብስ ተኳሽ ናት!» እስክትለው ድረስ የሆነው አልገባኝም። ድልድዩን እስክንጨርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እንዲያ ከሳቅን ቆይተናል።

የእህቴ ቤት ከጋራዡ በስተጀርባ ነው፤ ባሏ መካኒክ ነው። ወጥ ቤቱ ከእነ ዘይት ሽታው ሞቅ ያለ ነው። መንትዮቹ ወንድሞቿ በር ላይ ተንጠለጠሉባት። በአባቷ ቋንቋ አንዱ አንድ ነገር አላት፣ እሷም መለሰች፣ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ምን እንደተባለ የሚነግረኝ አልነበረም፤ ቀልድ ደግሞ ሲተረጎም አያስቅም።

ከምሳ በኋላ አባቷ ወንበሩን አስጠግቶ የራሳቸውን ጽሕፈት ያስጽፋት ጀመር። ንግግሩን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ እጇ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚጽፈው። መንትዮቹ ከጎን እየገቡ ያርሟታል። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

እኔ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ልጅ አፍራ እያየሁ፣ «እዚህ አትሆንም፣ እኔው ጋ ናት» ብሎ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እህቴን ጓሮ፣ ልብስ እያሰጣች አገኘኋትና የፊርማውን ነገር አነሳሁ። እጇ ላይ ያለውን አንሶላ አልለቀቀችም።

«ልጄን በፊርማ ልስጥሽ?»

«እትዬ፣ ለፈተናው ነው እንጂ…»

«ፈተናው ነገ ያልፋል። ፊርማው ይቀራል።»

«እስካሁንስ ማን አሳደጋት?»

ማለት አልነበረብኝም። አንሶላውን ባልዲው ውስጥ መልሳ ጣለችው። «ለአንድ ዓመት ነበር የሰጠሁሽ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ልጄ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን የጀመረችው መቼ እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አላውቅም።»

ድልድዩ ሊዘጋ ነበርና እየሮጥኩ ተመለስኩ። ድምቡሼ እዚያው አደረች።

(አፏን መሸፈን የጀመረችው የፊት ጥርሷ የተሸረፈ ጊዜ ነው። አራተኛ ክፍል።)

የካቲት 2፣ እሑድ

እህቴ ስልክ አታነሳም። እኔም ሁለተኛ አልደወልኩም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣች እናት ለማዳም፣ «የማዶ ልጆች እኮ ናቸው ክፍሉን ያጨናነቁት፤ የእኛ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ» ስትል፣ የሸሚዝ ኮሌታ አቃጠልኩ። ከደመወዜ ይቆረጣል። ያቃጠልኩት የልጇን ሸሚዝ አለመሆኑ ነው የቆጨኝ።

ማታ ለድምቡሼ ነገርኳት፤ ትናደዳለች ብዬ። ትከሻዋን ሰበቀች።

«እዚህ ‹ማዶ› ነው የሚሉኝ። ስሜን የሚያውቀው የለም።»

«እዚያስ?»

«እዚያ ደግሞ ‹እንግዳዋ› ይሉኛል፤ ለማሾፍ ነው። ግን እሱ እየቀረ ነው።»

እየቀረ ነው ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ወዲያው ወደ ድስቱ ዞሬ ተውኩት።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ዛሬ በስልክ እየተያዩ ማውራት ካላስተማርኩሽ አለችኝ። ፊቴን ስክሪኑ ላይ ሳየው ደነገጥኩ፤ አገጬ ብቻ ነው የሚታየው።

«ከፍ አድርጊው እንጂ! ግንባርሽም የአንቺ ነው።»

«ለምን እማራለሁ? አንቺ እዚህ ነሽ።»

«ዝም ብለሽ ተማሪ።»

ከዚያ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን ስልክ መዘገበችልኝ፣ የአጣቢዋንም። ውኃ ቀድቼ ስገባ ደጃፍ ቆማ በአባቷ ቋንቋ በዝግታ ስታወራ አገኘኋት። ስታየኝ ዘጋችው። «ማን ነው?» አላልኳትም። የልጅ ስልክ አልመረምርም። ጓደኛ ይሆናል። ወንድ ሊሆንም ይችላል፤ ዕድሜዋ ነው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

እህቴ ደወለች!

ባሏም እሷም ይፈርማሉ። በእነሱ በኩል ያለውን ፍርድ ቤት ነገ ይጨርሳሉ፤ ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ታስረክበኛለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር፤ እኔ ግን ደስታዬ ከድምፅዋ ይበልጣል። «ምን ሐሳብሽን ቀየረው?» ብላት፣ «ልጅቷ ለመነችን» አለች።

ልጅቷ ለመነቻቸው። ከእኔ ጋር መሆን ነው የምትፈልገው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስተኛ ጊዜ ልጽፈው ነበር፤ አፈርኩ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የዛሬውን ልጻፈው።

እህቴ ብቻዋን ነበር የመጣችው። ድልድዩ መግቢያ ላይ ያለው መጠበቂያ አዳራሽ አግዳሚ ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር ተበይደዋል፤ ወደ ሰው መጠጋት ቢፈልጉ አይቻልም። በመካከላችን ክፍት ቦታ ትተን ተቀመጥን። ወረቀቱን ሰጠችኝ። ማኅተሙ አለ፣ ሁለቱም ፊርማ አለ። አመሰገንኳት።

«እኔን አታመስግኚኝ» አለች። «እኔ ብሆን አልፈርምም ነበር። ልጅቷ እዚያ ትምህርት ቤት አልፋ ነበር እኮ።»

«የቱ ትምህርት ቤት?»

ዞር ብላ አየችኝ። ያኔ ነው እንደማላውቅ የገባት።

ማዶ፣ ከዚህ ለሚመለሱ ልጆች የተከፈተ ክፍል አለ። ጽሕፈቱን አስተካክሎ ለእነሱ ፈተና ያዘጋጃል፤ አንድ ዓመት ነው የምታጣው፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ክፍት ነው፤ ዜግነቷ የእዚያ ነውና። ድምቡሼ በጥር ወር፣ በዚያ እሑድ እኔ ከሬዲዮ ጋር ሳወራ፣ ለመግቢያው ፈተና ስታጠና ነበር። ተፈተነች። አለፈች። ቦታዋን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘውላታል። አባቷ ከደስታው ብዛት የሰው መኪና ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንደያዘ አደረ። በማግሥቱ «አልገባም» አለቻቸው።

«ለምን?» አልኩ። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ ወደ ወንዙ እያየች፣ «‹አክስቴ ማን አላት?› አለች» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «እኔ ልወቅስሽ አልመጣሁም። ልጄን ደግ አድርገሽ አሳድገሻታል። በጣም ደግ አደረግሻት» አለች።

ተነስታ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ።

ቤት ስደርስ፣ ላጠና ብላ በዚህ ሳምንት ያልተሻገረችው ድምቡሼ የሒሳብ መልመጃ ይዛ ተቀምጣለች። «ፈረሙ?» አለች። «ፈረሙ» አልኩ። «እሰይ!» ብላ አቀፈችኝ። እቅፏ እውነተኛ ነው። እሱ ነው የከበደኝ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ነገ አስገባዋለሁ። ራሷ መርጣለች። ትልቅ ልጅ ናት፣ የምታውቀውን ታውቃለች። እኔ አስገድጃታለሁ? አላስገደድኳትም። ስልኳንም አልመረመርኩ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

አላስገባሁትም፤ ሥራ በዛ።

ማዳም አዲስ ልጅ ቀጥራለች፣ ልብስ አጣፊ። የማዶ ልጅ ናት። እኔ አጠገብ ቆማ ስታጥፍ፣ የት ተማርሽ አልኳት። የድምቡሼ ትምህርት ቤት ነው። ካቻምና ጨርሳለች። ከክፍሏ ሁለተኛ ነበረች።

«ታዲያ ዩኒቨርሲቲስ?»

«እዚህ ዜጋ አይደለሽም ተባልኩ። እዚያ ስሄድ ደግሞ መጻፍ አትችይም አሉኝ» አለችና ሳቀች። «ማን ጋ ነበር የምትኖሪው?» አልኳት። «አያቴ ጋ። እሷ እንኳ ነግራኝ ነበር፣ እንዲህ ይሆናል ብላ። ያኔ አልሰማኋትም።»

እሷስ አያት አላት፤ ነገሯታል።

ከሰዓት በኋላ የአንገትጌ አተኳኮስ አሳየኋት። አንዴ አይታ ያዘችው። ጎበዝ ልጅ ናት። በጣም ጎበዝ ናት። አጣቢዋ «ምነው ዛሬ ዓይንሽ ቀላ?» አለችኝ። እንፋሎቱ ነው አልኳት።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

በቀጥታ «ሂጂ» ብላት እንደማትሄድ አውቃለሁ። ታቅፈኝና ትቀራለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣

«አልጋሽን አከራየሁት» አልኳት።

«ምኑን?»

«አልጋውን። ሥራ ቦታ አዲስ ልጅ መጥታለች፣ ማደሪያ የላትም። ከመጋቢት ጀምሮ ትገባለች።»

«እኔስ?»

«አንቺማ እናት አባት አለሽ።»

ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏት ነው። ፊቴን ስታይ ተወችው። «ወረቀቱስ?»

«አላስገባሁትም። አላስገባውም። ልጅ ማሳደግ ደከመኝ። እኔም ለራሴ ልኑር እንጂ፣ እስከ መቼ?»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቃሉ ሲወጣ የራሴ አይመስልም ነበር፤ ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም። ቦርሳዋን አወረደች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«እማዬ ነገረችሽ አይደል?» አለች።

«ምኑን?»

እኔ ጎመን መቁረጥ ያዝኩ።

«ምንም» አለች።

ማታ ልብሷን ስታጥፍ ሰማኋት። አላገዝኳትም። ማገዝ ከጀመርኩ አልጨርሰውም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ወሰድኳት። ሻንጣውን እየተቀባበልን ሄድን፤ ብዙም አላወራንም። ጠባቂዎቹ ጋ ስንደርስ «በይ እንግዲህ» አልኳት፣ ለገበያ እንደምልካት። ጉንጬን ሳመችኝ፤ እንደ ቸኮለ ሰው። ተቀይማኛለች። ተቀይማ ትሂድ።

አባቷ ከድልድዩ መሃል ድረስ መጥቶ ሻንጣውን ተቀበላት። እሷ ዞር አላለችም። ዞር ትላለች ብዬ፣ ፊቴን አስተካክዬ ነበር የቆምኩት። እሱ ነው የዞረው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። ከዚያ ሁለቱም በሰው መሃል ጠፉ።

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ማዳም የግማሽ ቀን ቆረጠችብኝ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠዋት «ተነሺ፣ ረፈደብሽ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በግድግዳው በኩል «ተነስቻለሁ!» አለችኝ።

አልደወለችም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አልደወለችም። እህቴ ደውላ ክፍል ጀምራለች አለችኝ። ሰላም በያት አልኩ። አዲሷን አጣፊ፣ ማደሪያ ትፈልግ እንደሆን ጠየቅኳት። አትፈልግም፤ አያቷ ጋ ናት። ለነገሩ መጠየቄ ነው።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፣ በዚያ በሚተያዩበት። አንስቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩት፤ ግንባሬም እንዲታይ።

ፀጉሯን በሌላ ዓይነት ተሠርታዋለች። ከኋላዋ መንትዮቹ ይጣላሉ። መጀመሪያ የረባ ነገር አላወራንም። ጽሕፈቱ እንዴት ነው አልኳት፤ ትናንት አንድ ሙሉ ገጽ ሳትታረም ጽፋ አባቷ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ‹እንግዳዋ›ስ ይሉሻል? አልኳት። ቀርቷል አለች። ስታወራ ሳቀች፤ አፏን አልሸፈነችም። ለእህቴ ልነግራት አሰብኩ፤ ከዚያ እሷ ራሷ እያየቻት መሆኑ ትዝ አለኝ።



«ተከራይዋስ እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናት። ጨዋ ናት።»

«ታዋራሻለች?»

«ጆሮዬን እስኪያመኝ። ስትተኛ ደግሞ ታንኮራፋለች።»

«እስቲ አቅርቢልኝ፣ ሰላም ልበላት።»

«ወጣ ብላለች።»

«እሑድ?»

«እሑድ ነው እንግዲህ የምትወጣው።»

ስልኩ ውስጥ ለረዥም ጊዜ አየችኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«በቃ ስትመለስ፣ ትቼው የመጣሁትን ብርድ ልብስ ስጪያት፤ ወፍራሙን። አልጋው በመስኮቱ በኩል ስለሆነ ማታ ይበርዳል።»

«ሰጥቻታለሁ» አልኳት።

«ጥሩ። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ለሁለታችሁም።»

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። አሁን መሽቷል፤ በመስኮቱ በኩል እውነትም ይበርዳል። አልጋዋ ላይ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ነው የምጽፈው።